የሀና ማርያሙ ዝሆን

ኦቦ ኮርሳ መብራት ለማስሞላት መሰለፍ የሰለቻቸው ዘንድሮ አይደለም፤ ቆጣሪያቸው የካርድ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው። ሀና ማርያም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው የኮብልስቶን መንገድ ዳር ባለው ግቢያቸው ሁለት የሚታለቡ ላሞች፣ አንድ የወተት ፍሪጅ፣ አንድ የሣር መቁረጫ ማሽንና ሦስት የኪራይ ክፍሎች አሉ። ካርዱ ሞላሁ ሲሉት ያልቃል። ባለቀ ቁጥር ኮታቸውን ደርበው፣ ካርዱን በፌስታል ጠቅልለው ወደ መብራት ቢሮ ይሄዱና ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ከፊታቸው የቆመውን ሰው ማጅራት ሲያዩ ይውላሉ።

በግንቦት መጀመሪያ አንድ ወይፈን ሸጡ። ከሽያጩ ሠላሳ ሺህ ብር ለይተው ሚስታቸውን አዴ ሞልቱን አማከሯቸው።

«የሁለት ዓመት መብራት ባንዴ ሞልቼ ብገላገልስ?»

«መብራት እንደ ጤፍ ጎተራ ይገባል እንዴ?» አሉ አዴ ሞልቱ። «ብሩ እጅህ ላይ ከብዶህ ነው እንጂ።»

ነገሩ በዚሁ ይቀር ነበር፤ ዶርቃ ባትኖር።

ዶርቃ ከሦስቱ የኪራይ ክፍሎች ለበረቱ የሚቀርበውን የያዘች ልብስ ሰፊ ናት። ከሆሳዕና ከተማ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። የሙሽራ ቀሚስና የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ እሑድ እሑድ መካኒሳ ካለው የጸሎት ቤቷ ቀርታ አታውቅም። ከሦስት ወር ወዲህ ደግሞ «ደቦ» ላይ መጻፍ ጀምራለች። ደቦ የስልክ መተግበሪያ ነው። ሰው ይጽፍበታል፣ ሰው ያነብበታል፤ አንባቢ ጽሑፉን ከወደደው ከሥሩ ያለችውን ወደ ላይ የምታመለክት ቀስት ይጫናል፤ ያኔ ጸሐፊው ነጥብ ያገኛል፤ ነጥቡም ወደ ብር ይመነዘራል። ዶርቃ ግን የገባት ሌላ ነው። ልክ እንደ ስፌቱ በቁጥር የሚከፈል መሰላት። ስለዚህ በቀን ሠላሳ ትጽፋለች። «ዛሬ ሰኞ ነው።» «ክር ገዛሁ።» «ክሩ አለቀ።» «ወገኖቼ እንዴት ዋላችሁ?» በሦስት ወር ያገኘችው ነጥብ ሲመነዘር የሁለት ዳቦ ዋጋ ሆነ። ከደቦ ዳቦ እንኳ አልተረፈኝም እያለች ስታዝን፣ አዲስ ሰው ለሚያስገባ ሃምሳ ነጥብ እንደሚሰጥ ሰማች። ግቢው ውስጥ ያልገባ ማን አለ ብላ ዞር ስትል ኦቦ ኮርሳ ከበረቱ ደጃፍ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ስልክዎን አንዴ ይስጡኝ። ደቦ ላስገባልዎ።»

«ደቦ? በግንቦት ምን አጨዳ አለ?»

«የስልክ ደቦ ነው። አሁን እኮ ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል።»

«መብራትም?»

ዶርቃ ሁለት ስፒል በጥርሷ ነክሳ ስለነበር አፏን ሳትከፍት «እህም» አለች። ልክ ነበረች፤ ሰው የመብራቱንም የውሃውንም በስልክ ይከፍላል። እንዲህ በጥርሷ መሀል ባለፈችው አንዲት «እህም» የተነሳ ምን እንደሚመጣ ግን አላወቀችም። ስልኩን ስትጨርስ መለሰችላቸው። ስም ምረጡ ለሚለው ጥያቄ «በኋላ ራስዎ ይመርጣሉ» አለቻቸው። እሳቸውም በኋላ አልመረጡም። በደቦ ላይ የሚጠሩት ማሽኑ ባወጣላቸው ስም፣ «ደቦኛ 4471» ተብለው ቀሩ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ መብራት ጠፋ። ኦቦ ኮርሳ ስልካቸውን ከፈቱ። መሠረተ ትምህርት የተማሩ ናቸው፤ ጣታቸውን ከሆሄው ሥር እያስኬዱ ቀስ ብለው ያነባሉ። ከላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት አለ። ከምልክቱ አጠገብ «ኃይልዎ፦ 0» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ኃይል ይሙሉ» የሚል አለ።

«ይኸው!» አሉ ለራሳቸው። «እውነቷን ነው ለካ።»

ብር በስልክ መላክ ከወተት ደንበኞቻቸው ተምረዋል። ሠላሳውን ሺህ ላኩት። ስልኩ ለጥቂት ጊዜ አሰበና «እንኳን ደስ አለዎት! ኃይልዎ 100 በመቶ ነው። ዝሆን ሆነዋል!» ብሎ ጻፈላቸው። ያንን አንብበው ሳይጨርሱ የበረቱ አምፖል ቦግ አለ፤ ፍሪጁም ከውስጥ ማጉረምረም ጀመረ።

«ሞልቱ! ሞልቱ! ነይ ጉድ እዪ!»

አዴ ሞልቱ እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ መጥተው አምፖሉን አዩ፣ ስልኩንም አዩ።

«ዝሆን ማለት ምንድን ነው?»

«ብዙ የሚጠቀም ደንበኛ ማለት መሰለኝ። ጉንዳን፣ ጥንቸል፣ በሬ፣ ዝሆን እያለ ደርድሮታል። መቼም ፍሪጅ ያለው ሰው ጉንዳን አይባልም።»

በደቦ ሕግ ግን ኃይል ማለት የቀስቷ ክብደት ነው። ብዙ ኃይል የገዛ ሰው ቀስቷን ሲጫን ለጸሐፊው የሚደርሰው ነጥብ ይበዛል። የጉንዳን ጭነት ከሽርፍራፊ አያልፍም፤ ዝሆን ከተጫነ ግን የተጫኑለት ሰው በአንድ ጽሑፍ የሳምንት አስቤዛ ይሸፍናል። ደቦ ገና አዲስ ስለነበር በመላው አገር የነበሩት ዝሆኖች ሦስት ብቻ ነበሩ። አራተኛው ሀና ማርያም በረት ደጃፍ ላይ፣ ፋንድያ የነካው ቦቲ ጫማ ተጫምቶ ተቀምጧል።

ኦቦ ኮርሳ በማግስቱ ስልኩን ሲከፍቱ ብዙ ጽሑፍ ተደርድሮ አገኙ። የመብራት ደንበኞች ደብዳቤ መሰላቸው። ቢሮው ደንበኞቹን እርስ በርስ እንዲመካከሩ አገናኝቷል ብለው በልባቸው አመሰገኑ። ከየደብዳቤው ሥር ያለችውን ቀስት ደግሞ «አንብቤያለሁ» ብሎ መፈረሚያ አድርገው ተረዷት። የሰው ደብዳቤ አንብቦ ሳይፈርሙ ማለፍ ነውር ስለሆነባቸው፣ እስከ መጨረሻው ላነበቡት ሁሉ ይፈርማሉ። ደግነቱ እስከ መጨረሻው የሚያነቡት ጥቂት ነው። ስለ ፍቅር የተጻፈውን ገና ከሁለተኛው መስመር ይተዉታል። ስለ ኳስም አይገባቸውም።

አንድ ነገር ግን አሳሰባቸው። እያነበቡ ሳለ ከመቶው ላይ ሁለት ሁለት ይጎድላል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲያነቡ ቆይተው ሲያዩት ሰማንያ ስምንት ደርሷል። ይህን ሁሉ ኃይል የሚበላው ማን ነው ብለው ቀና ሲሉ፣ ዶርቃ በመስኮቷ አጠገብ ቆማ ነጭ ቀሚስ በካውያ እየተኮሰች ነው።

«ዶርቃ፣ ያ ካውያ!»

«ምን ሆነ አባባ?»

«አሥራ ሁለት በልቷል። ዛሬ ብቻ! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እየቆጠርኩ ነው።»

ዶርቃ ምኑ አሥራ ሁለት እንደሆነ ባይገባትም የቤት ባለቤት አይጨቃጨቁትም ብላ ካውያውን ነቀለች። ጠዋት ኦቦ ኮርሳ ስልኩን ሲያዩት መቶ ሆኖ ጠበቃቸው። በደቦ ላይ ቀስቷ በተጫነች ቁጥር የሚቀንሰው ኃይል ሲያድር መልሶ ይሞላል፤ እሳቸው ግን ካውያው በመነቀሉ ነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ለዶርቃ ዕረፍት የለም። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ኮርሳ ሊያነቡ ሲቀመጡና እሷ ልትተኩስ ስትቆም ይገናኛሉ። አምስት ቀን ታገሠች፤ በስድስተኛው ከመርካቶ የከሰል ካውያ ገዝታ መጣች። እሳቱን እፍ ስትል ዓይኗ እየቀላ፣ አመድ ነጩ ላይ እንዳይወርድ እየተጨነቀች ሥራዋን ቀጠለች። የኦቦ ኮርሳ ቁጥር ግን አሁንም ይወርዳል። «ፍሪጁ ነው ማለት ነው» ብለው ተዉት፤ የኤሌክትሪኩን ካውያ ተጠቀሚ ብለው ግን አልነገሯትም።

ነገሩን ያባባሰችው ቡሬ ናት። ቡሬ ከሁለቱ ላሞች ተለቅ ያለችው፣ ጥቁርና ነጭ፣ አመለኛይቱ ናት። አንድ ማክሰኞ በዶርቃ መስኮት ጭንቅላቷን አስገብታ የተሰቀለውን የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እንደ ሣር ማኘክ ጀመረች። ዶርቃ ከመጮኋ በፊት ስልኳን አነሳች። ያን ቀን ከጻፈቻቸው ሠላሳ ውስጥ አንዱ «የአከራዬ ላም የሰው ሙሽራ ቀሚስ በላችብኝ። ምን ብዬ ልንገራት? ቅዳሜ ሰርጓ ነው» የሚል ሆነ፤ ፎቶውም ከላዩ አለ።

ኦቦ ኮርሳ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ሲከፍቱ ቡሬን መብራት ቢሮ ውስጥ አገኟት። ክው አሉ። ጣታቸውን እያስኬዱ እያንዳንዷን ቃል አነበቡ። «ከሰሰችኝ!» አሉ። ቢሆንም እውነት ነው፤ አልተዋሸባቸውም። አንብበው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ፈረሙ።

ከክፍሏ ውስጥ ዶርቃ ጮኸች። ኦቦ ኮርሳ የከሰሉ ካውያ ያቃጠላት መስሏቸው ተነሱ፤ እሷ ግን «ጌታ ሆይ! ጌታ ሆይ!» እያለች እየዘለለች ነው። ነጥቧ በአንድ ጊዜ ሁለት ሺህ ደርሷል። ለምን እንደምትዘል አልጠየቋትም። ከሳሽና ተከሳሽ ስለሆኑ ማነጋገሩ አሳፈራቸው። በማግስቱ ጠዋት ግን ማንም ሳያዛቸው መዶሻና ወንፊት ሽቦ ይዘው መጥተው መስኮቷን አጠሩላት።

ዶርቃ ያን ቀን አንድ ነገር ተማርኩ አለች፤ ሰው የሚወደው ላም ነው። የደቦም ሰዎች ይህንኑ ተማሩ። አዲሱ ዝሆን ስም የለው፣ ፎቶ የለው፤ ግን ላም ይወዳል ተባለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ደቦ በረት ሆነ። ግጥም ይጽፉ የነበሩ ስለ ወተት ጻፉ። የአክሲዮን ምክር ይሰጥ የነበረው ሰውዬ «ከላም የተማርኳቸው ሰባት ነገሮች» ብሎ ተነሳ። ኦቦ ኮርሳም ደንበኛው ሁሉ ከብት አርቢ መሆኑ ገረማቸው። እያነበቡም ተናደዱ፤ የሚጻፈው ግማሹ ውሸት ነው። አንዷ «ላሜ በተወለደች በዓመቷ መንታ ወለደች» አለች። ኦቦ ኮርሳ ግማሽ ሰዓት ፈጅተው ፊደል በፊደል እየለቀሙ «በዓመቷ አትወልድም። ገና ጥጃ ናት» ብለው ከሥሩ ጻፉ። አንዱ «እናቴን ያሳደገች ላም» ብሎ ፎቶ ለጠፈ። «ይህ በሬ ነው» ብለው መለሱ። በሰዓታት ውስጥ «ዝሆኑ ተናገረ!» ተብሎ ያች «ይህ በሬ ነው» የምትለው ቃል ለሺህ ሰው ተዳረሰች፤ ትርጓሜም ወጣላት።

አንድ ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ወጣቶች ናቸው። ልጁ ሚኪ፣ ልጅቷ ሀኒፋ ይባላሉ። ከቦሌ በሁለት ታክሲ ነው የመጡት።

«አባባ፣ እዚህ ላም አለ ብለውን ነው» አለ ሚኪ። «ፎቶ ብናነሳ ይከፋዎታል?»

«ላም አይታችሁ አታውቁም?»

«እሱ አይደለም» አለች ሀኒፋ። «ኢንተርኔት ላይ አንድ ሀብታም ሰውዬ አለ። ላም ካየ ብር ይበትናል።»

ኦቦ ኮርሳ በጣም ሳቁ። «ሥራ ፈት ነዋ! ሚስት የለውም?»

«ማን ያውቃል? አንዳንዱ ውጭ አገር ነው ይላል፣ አንዳንዱ ትልቅ ባለሥልጣን ነው ይላል።»

«ምስኪን» አሉ ኦቦ ኮርሳ ከልባቸው አዝነው። «እኔ ጋ ቢመጣ በነፃ አሳየው ነበር።» ከዚያም ሚኪ ከቡሬ ኋላ እንዳይቆም ጎትተው ቦታ አስያዙት፤ ሀኒፋንም ጡቱን እንዴት እንደምትይዝ አሳዩአት። በሳምንቱ አሥር ሰው መጣ፣ ከዚያም ሃያ። አዴ ሞልቱ እንግዳ ባዶ አፉን አይቆምም ብለው አንድ ብርጭቆ ወተት በሃምሳ ብር ማቅረብ ጀመሩ። እርጎም ጨመሩ። «ያን ሀብታም ዕድሜ ይስጠው» ይላሉ ብርጭቆ ባጠቡ ቁጥር።

ሰኔ በገባ በአሥረኛው ቀን መብራት ጠፋ። ኦቦ ኮርሳ አጥሩን አሻግረው ቢያዩ የጎረቤት ሬዲዮ ይጮኻል፤ ወፍጮ ቤቱም ይፈጫል። የጠፋው እሳቸው ቤት ብቻ ነው። ስልኩን ከፈቱ። ዘጠና ስምንት በመቶ ይላል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው አርባ ሊትር ወተት ትዝ ሲላቸው ካርዱን፣ ስልኩንና ኮታቸውን ይዘው ወጡ።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ አምሐ ይባላል። ካርዱን ተቀብሎ ማሽኑ ላይ ከተተና አየ።

«አባቴ፣ ካርድዎ ላይ ምንም የለም። ለመጨረሻ ጊዜ የሞሉት ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው።»

«ሠላሳ ሺህ ብር ሞልቻለሁ!»

«የት?»

«በስልክ። ይኸው፣ ዘጠና ስምንት ይላል። ሁለቱን ጠዋት ፍሪጁ በልቶት ነው።»

አምሐ ስልኩን ተቀበለ። መጀመሪያ ፊቱን ቋጠረ። ቀጥሎ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከዚያ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ።

«ደቦኛ 4471» አለ በሹክሹክታ። «አባቴ፣ ዝሆኑ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ዝሆን ደንበኛ ነኝ። ፍሪጅ አለኝ።»

«እኔ እኮ ‹ላሜና እኔ› የምባለው ነኝ! ወር ሙሉ ስለ ላም ጻፍኩልዎ! አንድ ቀን እንኳ አልተጫኑልኝም!»

ኦቦ ኮርሳ በጥርጣሬ አዩት። «ላሜ በቀን አምስት ጊዜ ትታለባለች ያልከው አንተ ነህ?»

አምሐ አንገቱን ደፋ። «ላም የለኝም። የተወለድኩት ጎፋ ነው። ላም የማውቀው ሥጋ ቤት ተሰቅላ ነው።»

«ሰልፉ ይንቀሳቀስ እንጂ!» አለ ከኋላ የቆመ ሰው።

አምሐ ብር ተቀብሎ የአንድ ወር የሚሆን መብራት ካርዱ ላይ ሞላላቸውና ለጓደኛው መስኮቱን አስረክቦ ወጣ። ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳቸው። ኃይሉ ምን እንደሆነ፣ ቀስቷ ምን እንደምትሠራ፣ ለሰው የሚደርሰው ነጥብ ከመተግበሪያው እንጂ ከእሳቸው ኪስ እንደማይወጣ፣ ሠላሳው ሺህም እንዳልጠፋ፣ ግን ላውጣ ቢሉ በየሳምንቱ እየተከፋፈለ በአሥራ ሦስት ሳምንት ብቻ እንደሚመለስ። ኦቦ ኮርሳ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«እሺ፣ ያን ቀን መብራቱ ለምን በራ?»

«መብራት ስለመጣ ነዋ፣ አባቴ።»

ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጠው ወደ ቤት ሲመለሱ ሁለት ጊዜ ለብቻቸው ሳቁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ፊታቸው በእፍረት ጋለ። ያ ሚስት የለውም ወይ ያሉት ሥራ ፈት እሳቸው ናቸው። ከሁሉ የባሰባቸው ግን ካውያው ነው።

ግቢ ሲደርሱ ዶርቃ በረንዳው ላይ ተንበርክካ ከሰሉን እፍ እያለች ነው። ዓይኗ በርበሬ መስሏል።

«ዶርቃ፣ ተይው እሱን» አሉ። «የመብራቱን አውጪ።»

«መቶው ይወርድብዎታል አባባ።»

«መቶው የካውያ አይደለም። መቶው የኔ ሞኝነት ነው።» ቁጭ አሉና ሁሉንም ነገሯት።

ዶርቃ ከሰሉን ትታ ተነሳች።

«ዝሆኑ እርስዎ ነዎት?»

«መሰለኝ።»

«እኔ እኮ ጸልዬልዎታለሁ! ጸሎት ቤት ቆሜ ‹ለአንድ ዝሆን ጸልዩልኝ› ብዬ፣ ሽማግሌው የየትኛው ፓርክ ነው ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ባጠራቀምኩት ነጥብ እኮ ነው የጠርዝ መስፊያ ማሽን የገዛሁት!» ከዚያ ድንገት ፊቷ ጨለመ። «ከእርስዎ ኪስ ነው እንዴ የወጣው?»

«አይደለም፤ አምሐ የሚባል ልጅ አስረድቶኛል። እኔ መፈረም ብቻ ነው የፈረምኩት። ደግሞ የጻፍሽው እውነት ነበር። ቀሚሱን በልታለች።»

ዶርቃ ሳቋ መጣ፤ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ የከሰሉ ይሁን የሌላ ነገር አይታወቅም። «ወር ሙሉ ጭስ አበሉኝ እኮ አባባ።»

«አበላሁሽ። ይቅር በይኝ። የዚህን ወር ኪራይ አትክፈይ።»

«ኪራዩንስ እከፍላለሁ። ቡሬን ግን ከመስኮቴ ያርቁልኝ።»

አዴ ሞልቱ ሲሰሙ እንደሚቆጡ ኦቦ ኮርሳ ተዘጋጅተው ነበር። አዴ ሞልቱ ግን ግድግዳ ተደግፈው እስኪደክማቸው ሳቁ። «ዕድሜ ይስጠው ስል የከረምኩት ላንተ ነው?» አሉ። «በይ ምርቃቴን መልሺ ብባል ምን ልል ነው!»

ኦቦ ኮርሳ ብሩን በየሳምንቱ ማውጣት ጀመሩ። ግን ያን ሁሉ ሰው እንዳታለሉ ተሰምቷቸው እንቅልፍ ነሳቸው። እሑድ ከሰዓት ዶርቃን አስቀምጠው አጻፏት፦

«እኔ ደቦኛ 4471 ነኝ። ስሜ ኮርሳ ነው። ሀብታም አይደለሁም። መብራት የሞላሁ መስሎኝ ነው። ቀስቷንም የምጫነው አንብቤያለሁ ለማለት ነበር። ላም የሌላችሁ ሰዎች ስለ ላም አትድከሙ። ላም እኔ ቤት አለች፤ ስትበላም ስትተኛም አያታለሁ። ሌላ የምታውቁትን ጻፉልኝ።»

ደቦ ተናወጠ። ለፎቶ ብሎ ጥጃ የተከራየ አንድ ሰው ኪራዬን ማን ይመልስልኛል ብሎ ጻፈ። ከአሥር ዘጠኙ ግን ሳቀ። አምሐ በማግስቱ ሰዎች መስኮቱ ላይ ቆመው የሚሉትን ጻፈ፦ ካርዱን እንደ ታመመ ልጅ አቅፈው ስለሚመጡ፣ ስለ መብራት ጀምረው ስለ ምራታቸው ስለሚጨርሱ ሰዎች። ኦቦ ኮርሳ ሁለት ጊዜ አንብበው ፈረሙለት። አምሐ ያን ቀን ለሥራ ጓደኞቹ ሁሉ ምሳ ጋበዘ። አንድ የታክሲ ረዳት ስለ ዝርዝር ሳንቲም ጻፈ፤ አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ዘግይተው የሚመጡ ተማሪዎች ስለሚያቀርቡት ሰበብ ጻፈ። ዶርቃም በቀን ሠላሳ መጻፍ ትታ በሳምንት አንድ፣ ስለምትለካቸው ሙሽሮች፣ ስም ሳትጠራ መጻፍ ጀመረች።

ብሩ በወጣ ቁጥር ኃይላቸው እየቀነሰ ኦቦ ኮርሳ ከዝሆንነት ወደ በሬነት ወረዱ፤ ወደ ጥንቸልነትም እያዘገሙ ነው። ሚኪና ሀኒፋም ጠፉ። የእጅ ሰዓት የሚወድ ሌላ ዝሆን ተገኝቷል ይባላል።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ አዴ ሞልቱ ዶርቃ ክፍል ገብተው ተቀመጡ።

«ለኔም ጻፊልኝ።»

«ምን ብዬ፣ እማማ?»

አዴ ሞልቱ ማንበብ አይችሉም፤ መናገር ግን ያውቁበታል። ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ከመሠራቱ በፊት እዚያ ስለነበረው የአባታቸው ማሳ ተናገሩ። የትኛው ጥግ ሽንብራ እንደሚያበቅል፣ የትኛው ውሃ እንደሚያቁር፣ የትኛው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወፍ እንደሚጠብቁ። አሁን እዚያ ላይ ብሎክ አርባ ሁለት እንደቆመ፣ በታክሲ ሲያልፉም ከመስኮቱ ዘወር ብለው እንደሚያዩት። ኦቦ ኮርሳ ከበሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«አንተ እንዳትነካው!» አሉ አዴ ሞልቱ። «ሰው ይንካው።»

አሥራ አንድ ሰው ነካው። ሁሉም ጉንዳን ናቸው፤ ነጥቡ አንድ ክብሪት አይገዛም። ከሥሩ ግን ሮበሌ የሚባል ሰው «እማማ፣ እኔ የምኖረው ብሎክ አርባ ሁለት ነው። አውድማው የት ጋ ነበር?» ብሎ ጽፏል።

ዶርቃ አነበበችላቸው። አዴ ሞልቱ ብድግ አሉ። «ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ይቁም በይው። ከደረጃው በስተግራ፣ መኪና የሚያቆሙበት ጋ ነው።»

ጥቂት ቆይቶ መልስ መጣ። ሮበሌ ዣንጥላ ይዞ ወርዶ አይቶታል። የጎረቤት ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ነው። ከእሱ ቤት ሳሎን መስኮት ሆኖ ሲታይ ሙሉ ማሳው ይታያል፤ ቅዳሜ መጥተው ቢያሳዩኝ ብሏል።

አዴ ሞልቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ «ስንተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው?» ብለው ጠየቁ።

ዶርቃ ጠየቀችላቸው። «ሦስተኛ።»

«ሊፍት አለው?»

«ኮንዶሚኒየም እኮ ነው፣ እማማ።»

አዴ ሞልቱ ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙት፤ አሰቡም።

«እሺ በይው። ቅዳሜ እመጣለሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግን ወንበር አውጥቶ ይጠብቀኝ።»